የደረጃ መውጫ ስፖርት ማሽን አጠቃቀም

የደረጃ መውጫ ማሽን የጭን፣ የመቀመጫና የባት ጡንቻዎችን የሚያጠናክር፣ የልብንና የሳንባን ብቃት የሚያሳድግ የስፖርት መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይመክራል።

ጀማሪዎች በዝቅተኛ ፍጥነት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በመሥራት ጊዜውን ቀስ በቀስ ሊጨምሩ ይገባል። የእጅ መደገፊያው ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ የሰውነትን ክብደት በእሱ ላይ መጣል የእግርን ሥራ ስለሚቀንስ የእንቅስቃሴውን ጥቅም ያሳንሳል።

ማሽኑን ለማያገኙ ሰዎች የመኖሪያ ወይም የሥራ ቦታ ሕንፃ ደረጃ በቂ አማራጭ ነው።

የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ሲያጋጥም እንቅስቃሴውን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።