«ጠያቂ» ስለሚለው ቅጽል፦ ትርጉሙ፣ ዘመዶቹና ታሪኩ

በዚህ ወር ጽሑፋችን «ጠያቂ» የሚለውን ቅጽል እንመለከታለን። ቃሉ በመጠለያችን ከጧት እስከ ማታ ይነገራል። ይሁን እንጂ «ይህ ልጅ ጠያቂ ነው» ሲባል አንዱ ምስጋና፣ ሌላው ስሞታ አድርጎ ይሰማዋል። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ታሪኩን ወደ ኋላ መከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ትርጉሙን እንለይ። «ጠያቂ» በአንድ ወገን ያላወቀውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ነው። በሌላ ወገን የታመመን፣ የታሠረን ወይም ሐዘን የደረሰበትን ሊያይ የሚሄድ ሰው ነው። በእስር ቤት በር «ጠያቂ መጥቶልሃል» ሲባል፣ የመጣው ሰው የያዘው ስንቅ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። አማርኛችን ማወቅ መሻትንና ወገንን ማሰብን በአንድ ቃል መጥራቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። «መርማሪ» ነገሩን እየገለጠ እስከ ሥሩ የሚያይ ነው። «ተመራማሪ» ይህንኑ ሙያው አድርጎ የያዘ ነው። «አጣሪ» እውነቱን ከአተላው የሚለይ ነው። «ሐታቲ» «ሐተተ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሆኖ በቃልና በማስረጃ እየተነተነ የሚመረምር ማለት ነው። በክፉው ወገን ደግሞ «ነገር ፈላጊ»፣ «አነፍናፊ»ና «ጆሮ ጠቢ» አሉ። እነዚህም ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን የሚጠይቁት ለመረዳት ሳይሆን ለማሳበቅ ነው።

በቀድሞው ችሎት መጠየቅ ሥርዓት ነበረው። በበላ ልበልሃ ሙግት አንዱ «ተጠየቅ!» ሲል ባላጋራው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። ተሟጋቾች መንገደኛውን ሳይቀር አቁመው በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ያደርጉት ነበር። እዚህ ላይ የምናስተውለው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የጠየቀው ሰው በተራው ይጠየቃል። አንዱ ብቻ ጠያቂ፣ ሌላው ብቻ ተጠያቂ የሚሆንበት ሙግት አልነበረም።

በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ደግሞ ጠያቂው ማኅበሩ በሙሉ ነው። አድራጊው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ያየውን በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው በስውር የሚያስታውቅበት መንገድ ነበረው፤ ምስጢር አውጪውም «ወፍ» ይባል ነበር። ሥርዓቱ እውነትን ለማውጣት ቢረዳም፣ ንጹሑን ሰው ከወንጀለኛው ጋር ከእርሻው አግዶ ማዋሉ ጉድለቱ ነበር።

በመጻሕፍት በኩል የታወቀው «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» ነው። መጽሐፉ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ ሊቅ ስለ እምነትና ስለ ሰው ልጅ የመረመረውን ይተርካል። እንግዲህ የታሪኩ ባለቤት እንደ እኛው ስደተኛ ነው። መጽሐፉ ራሱም ከምርመራ አላመለጠም። ጽሑፉ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ፓሪስ የተላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ኢጣሊያዊ መነኩሴ እጅ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው ሲሉ፣ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራክረዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በ1966 ዓ.ም. «መርማሪ» የሚለው ቃል ታላቅ ተስፋ ተጣለበት። የወሎን ረኀብ አያያዝና የባለሥልጣናትን በደል የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሕዝቡም ሹም ሲጠየቅ አያለሁ ብሎ ጠበቀ። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ ሥልሳ የሚሆኑ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ገደለ። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ጥይት ቀደመው። ከዚያ ወዲህ «ምርመራ» ለብዙ ሰው የጨለማ ክፍልና የግርፋት ስም ሆነ። በአዲስ አበባ ማዕከላዊ ምርመራ ይባል የነበረው እስር ቤት ደርግ ከወደቀም በኋላ አገልግሎ የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ያለው መርማሪ ይጠይቃል እንጂ «ተጠየቅ» የሚለው ሰው የለም። እንግዲህ ወላጅ ልጁን «አትጠይቅ» ማለቱ ከስንፍና ሳይሆን ካየው መከራ የተማረው ነው።

አሁን በጁባ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ሌላ ስም ተሰጥቶናል፤ «ጥገኝነት ጠያቂ»። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ ጸጥታ በመታወኩ ከአገሩ የሸሸውንም ሰው ስደተኛ ብሎ ያውቀዋል። ነገር ግን በጠረጴዛው ፊት ስንቆም ስማችን ጠያቂ ሆኖ ሳለ የምንጠየቀው እኛ ነን። ከየት መጣህ? ለምን መጣህ? ማስረጃህ የት አለ? ይህ መጠየቅ ሥርዓት ነው፤ አንቃወመውም። ግን እኛም በተራችን ጉዳያችን የት እንደ ደረሰ፣ ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ በጨዋ ቃል መጠየቅ ይገባናል። «ተጠየቅ» ሲባል «ልጠየቅ» ማለትን ከአባቶቻችን ተምረናል፤ ይህም ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ነው።

በመካከላችንም ቢሆን ማጣራት እንልመድ። ራሽን ሊቀነስ ነው፣ እገሌ የእገሌ ሰላይ ነው የሚል ወሬ በአንድ ቀን መጠለያውን ያዳርሳል። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለው ለዚህ ነው። ጆሮ ጠቢን መፍራታችን እውነተኛውን ጠያቂ እንድናጠፋ ሊያደርገን አይገባም። ሁለቱን የሚለየው መልሱን ካገኘ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

በዳሱ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሁሉ «ለምን?» ያለውን ልጅ ዝም አናሰኘው። መልሱን ካላወቅነው «ነገ አጣርቼ እነግርሃለሁ» እንበለው፤ በማግስቱም እንንገረው። አኙዋክኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሌላም ቋንቋ የምትናገሩ አንባቢያን፣ «ጠያቂ» በቋንቋችሁ ምን እንደሚባል፣ ምስጋና ይሁን ስድብ፣ በአጭር ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ጽሑፋችን እናወጣዋለን።