ከሙቀጫ እስከ ጀሪካን፦ የከረፋ ዘይት ታሪክ

ውድ የማዮ ነዋሪዎች፣ ይህ በሬዲዮ ያቀረብነው የጤና ትምህርት ነው። ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ የሰማችሁም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እንድታነቡለት በወረቀት ታትሟል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ርእሳችን ዘይት ነው። ብዙዎቻችሁ «የሚበላሸው ሥጋና ወተት ነው እንጂ ዘይት ምን ይሆናል?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ወተት ላይ የሚራባው ጀርም ዘይት ላይ አይራባም። ዘይትን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ አየር ነው። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ አየሩን ያግዙታል።

አያቶቻችን ይህን ያወቁት በአፍንጫቸውና በምላሳቸው ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር፣ በወሎም ሆነ በሸዋ የጾም ቅባት የሚገኘው ከኑግ፣ ከተልባ፣ ከሱፍና ከሰሊጥ ነበር። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረትም ከዚሁ ሙቀጫ የወጣ ነው። ኑጉ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በሙቅ ውኃ ይታሻል፤ ዘይቱ ሲንሳፈፍ ከላይ ይቀዳል። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ላይማ ዘይቱ ለብቻው ተለይቶ አይወጣም፤ ፍሬው ተወቅጦ ወዲያው ይበላል። ልብ በሉ፣ ፍሬው ሳይወቀጥ ወራት ይቆያል፤ ዘይቱ በልጣጩ ውስጥ ከአየርና ከብርሃን ተሸሽጓልና። ሙቀጫ ከገባ በኋላ ግን ጊዜ አይሰጥም። ከኑግ ዘይት ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል፣ ኦክሲጅን ቶሎ የሚይዘው ቅባት ነው። የተልባው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሠዓሊዎች የተልባ ዘይት ከቀለማቸው ጋር የሚቀላቅሉት አየር ሲያገኘው ደርቆ ስለሚጠነክር ነው።

ቅቤስ? እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ውኃውንና የወተቱን ቅሪት ያስወግዳሉ፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ ይጨምሩበታል። ለመዓዛ ብቻ ይመስለን ነበር። ከእነዚህ ቅመሞች ውስጥ ኦክሲጅን ቅባቱን ቶሎ እንዳይዘው የሚከላከሉ እንዳሉ በኋላ በምርምር ታውቋል። እኔ በነርስነት ትምህርቴ የተማርኩትን እናቴ ለካ በማሰሮ ታውቀው ነበር።

የተጠለልንበት አገርም የራሱ ብልኃት አለው። በሱዳን ግመል እየዞረ የሚጨምቀው «ዐሳራ» የሚባለው የእንጨት መጭመቂያ የሰሊጥ ዘይት ያወጣል። ሰሊጥ በውስጡ ሰሳሞሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም ሲሞቅ ዘይቱን ከመበላሸት ወደሚጠብቅ ሌላ ነገር ይለወጣል። ያልተጣራ የሰሊጥ ዘይት ከሌሎቹ ይልቅ የሚቆየው በዚህ ነው። ቢሆንም እሱም ቢሆን የሚሸጠው በሠፈሩ፣ በቅርቡ ለሚበላ ሰው ነበር። በሁለቱም አገር ዘይት ከመጭመቂያው እስከ ድስቱ ያለው መንገድ አጭር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ አየር ዘይቱን ምን ያደርገዋል? የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሱር በ1817 መጨረሻ የዋልነት ፍሬ ዘይት በስሱ አስቀምጦ ከንጹሕ ኦክሲጅን ጋር በጥላ ሥር ዘጋበት። በስምንት ወር ውስጥ ዘይቱ የሳበው ኦክሲጅን የራሱን መጠን ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በነሐሴ 1818 በአሥር ቀን ውስጥ ብቻ ስድሳ እጥፍ ሳበ! ይህን ሙከራ እንድታስታውሱት የምፈልገው ለዚህ ነው፦ ዘይት ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ይለወጣል። ትናንት ደኅና የነበረ ጀሪካን በሳምንቱ የሚከረፋው ማንም መርዝ ጨምሮበት አይደለም።

ምክንያቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ በደንብ ተብራራ። ኦክሲጅን ከዘይቱ ጋር ሲያያዝ ፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር ይፈጠራል። አንዱ የተነካ ቅንጣት አጠገቡ ያለውን ይነካል፣ ያም ሌላውን፤ የሣር ቤት እሳት ከጎጆ ወደ ጎጆ እንደሚዘልል ማለት ነው። ፐርኦክሳይድ ሽታ የለውም። ኋላ ሲሰባበር ግን አልዲሃይድ የሚባሉ ነገሮች ይወጣሉ፤ የሚከረፋን እነሱ ናቸው። አፍንጫችን የሚነግረን እንግዲህ ዘግይቶ ነው። ከአልዲሃይዶቹ አንዳንዶቹ በሰውነታችን ውስጥ ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቁ ሥራውን ያውካሉ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም በጣም የተበላሸ ዘይት ጉበትን እንደሚጎዳ ታይቷል።

አሁን ወደ ማዮ እንመለስ። በ1984 እና 1985 ድርቅ፣ በደቡቡም ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ካርቱምን ከበው ሰፈሩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንግሥት ከየቦታው እያነሣ ካሰፈረባቸው አራት መጠለያዎች አንዱ ማዮ ነው። ከአገራችን የተሰደደውም ሰው በካርቱም ዳርቻ ከእነሱ ጋር ጎረቤት ሆነ። በዚያ ድርቅ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣውን ማሽላ ሱዳኖች በፕሬዚዳንቱ ስም «ዔሽ ሪጋን» እስከማለት ደርሰው ነበር። ከእህሉ ጋር ዘይትም በእርዳታ መጣ። የእርዳታውን ቆርቆሮ የምታውቁት ታስታውሳላችሁ፤ ብርሃን አያሳልፍም፣ ጥብቅ ተደርጎ የታሸገ ነው። ዘይቱ ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይጨመራል። ዘይቱ ሲበላሽ ግን ይህ ቫይታሚን አብሮ ይጠፋል፤ ሕፃናትን ከዳፍንት የሚጠብቀው እሱ ነው። ቆርቆሮው ተከፍቶ ዘይቱ በነጭ ጀሪካን ተገልብጦ ከገበያ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ከዚያም በትንንሽ ፌስታል ሲቸረቸር፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ቀን ፈረሰ ማለት ነው። የካርቱም በጋ ደግሞ 40 ዲግሪን የሚያልፍ ነው።

ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ነገሩ ከበደ። ገበያ ሲዘጋ፣ ዋጋ ሲንር ያለውን ዘይት ደጋግሞ መጥበስ ግድ ሆነ። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጠዓሚያና ዘላቢያ ጠብሳ ልጆቿን የምታሳድር እናት ዘይት በየቀኑ ቀይሪ ብላት መሳቂያ እሆናለሁ።

ግን የጃፓኖቹን ነገር ስሙ። በ1964 በበጋ በኦሳካ አካባቢ ከ60 በላይ ሰዎች በዘይት የተጠበሰ ፈጣን ኑድል (እኛ ኢንዶሚ የምንለውን ዓይነት) በልተው ታመሙ፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ። ኑድሉ ሲመረመር ዘይቱ በክፉኛ ኦክሲጅን የተዋሐደው ሆኖ ተገኘ። የጃፓን መንግሥትም ኋላ በእንዲህ ዓይነት ምግብ ውስጥ ላለው ዘይት ወሰን አወጣ። እኛ ሠፈር ተቅማጥ ሲነሣ ሁሉ ውኃውን እንጠረጥራለን፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ነን። ሆኖም ከአንድ መጥበሻ የበሉ ሰዎች በሰዓታት ውስጥ አብረው ሲያቅለሸልሻቸው ዘይቱንም ጠይቁ።

ሌላው ጉዳት የሚበላውን ሳይሆን የሚጠብሰውን ያገኛል። ዘይት ከልክ በላይ ግሎ ሲጨስ አክሮሊን የሚባል ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ነገር ይወጣል። በቻይናና በታይዋን ሲጋራ በማያጨሱ ሴቶች ላይ የሳንባ ካንሰር ከመጥበሻ ጭስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2006 በከፍተኛ ሙቀት የመጥበስ ጭስን «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መደበው። በላስቲክ በተሸፈነች ጎጆ ውስጥ በራችሁን ዘግታችሁ የምትጠብሱ እህቶች፣ ምድጃውን ደጅ አውጡት፤ ካልሆነም በሩን ክፈቱ። ዘይቱ መጨስ ከጀመረ ከሰሉን ቀንሱ።

ስንት ጊዜ ይጠበስበት? ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ዘይቱ ከጠቆረ፣ እንደ ማር ከወፈረ፣ ሲሞቅ አረፋው ካልበረደ፣ ወይም ቶሎ የሚጨስ ከሆነ አልቋል። ሽንኩርት ወይም ሎሚ ጣል ቢደረግበት ሽታው ይሸፈናል እንጂ ዘይቱ አይድንም። ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር። ያ የጎጆ እሳት ትዝ ይበላችሁ፤ አሮጌው አዲሱን ይለኩሰዋል። ይልቅ የዕለቱን ሥራ በሚበቃ ትንሽ ዘይት ጀምሩ። ጠብሳችሁ ስትጨርሱ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልሉት፣ የተቃጠለ ፍርፋሪ አታስቀሩበት። የዛገ ዕቃና ነሐስ ዘይት ያፋጥናሉ፣ ራቁ። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ሞልታችሁ ገልብጡ፤ አየር ቦታ አያገኝም። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከምድጃው ርቆ መሬት ላይ፣ ጥላ ቦታ አኑሩት። ስትገዙም ፀሐይ ላይ ከዋለው ይልቅ ከጥላ ውስጥ የሚቀዳውን ምረጡ። መጀመሪያ ጣታችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አሽትቱ፤ ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ያለቀለትን ዘይት ለሕፃናት ምግብ፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ለበሽተኛ አትጠቀሙበት። ቦይ ውስጥም አትድፉት። ሳሙና የምትሠሩ ሴቶች ይፈልጉታል፤ ለእነሱ ስጡ ወይም ሽጡላቸው። ሳሙናውን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኮስቲክ ሶዳውን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ እንጂ ውኃውን በሶዳው ላይ አታፍስሱ፤ ይፈነጥቃል፣ ዓይን ያጠፋል። ሥራው ሲሠራ ልጆች በአካባቢው አይኑሩ፣ ዕቃውም ዳግም ምግብ አይቀመጥበት።