በ44 ዓመቱ እርሳስ ያነሳው ፊዚሲስት

«መሳል እኮ በተፈጥሮ የሚሰጥ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ግን ስዕል መማር የጀመረው በ44 ዓመቱ ገደማ ነው። ከሰዓሊ ጓደኛው ከጂራይር ዞርቲያን ጋር ስለ ሳይንስና ጥበብ ሁሌ ይከራከሩ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ተስማሙ፦ አንዱን እሁድ ስዕል፣ ቀጣዩን እሁድ ፊዚክስ ሊማማሩ።

ፊዚክሱ ብዙም አልገፋም፤ ስዕሉ ግን ቀጠለ። ፋይንማን ስዕል ክፍልም ገብቶ ወረቀቱን ሳያይ መሳልን ተለማመደ። ይህ ልምምድ እጃችን አእምሮ «እንዲህ ነው» ብሎ የያዘውን ሳይሆን ዓይን የሚያየውን እንዲከተል ያግዛል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የኖቤል ሽልማት ካገኘ በኋላም መሳሉን አልተወም፤ «ኦፌይ» ብሎ እየፈረመ ስዕሎቹን ሸጧል። እስቲ እናንተም ዛሬ ወረቀቱን ሳታዩ የገዛ እጃችሁን ሳሉ!