የአፈር እርጥበትና የኔማቶድ ሕልውና

ኔማቶድ አብዛኛው ዝርያው በዓይን የማይለይ ቀጭን ትል ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ዝርያዎች የሚንቀሳቀሱት የአፈር ቅንጣቶችን በሸፈነው ስስ ውኃ ውስጥ በመሆኑ ሕልውናቸው ከእርጥበት ጋር የተቆራኘ ነው።

ድርቀትን የመቋቋም ብቃታቸው ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1993 የረጅም ጊዜ ጥናት በተጀመረበት በአንታርክቲካ የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች ነው። ስኮትኔማ ሊንድሴይ የተባለው ዝርያ አፈሩ ሲደርቅ ተጠቅልሎ አብዛኛውን የሰውነቱን ውኃ ያስወጣል፤ እርጥበት ሲመለስም ነፍስ ይዘራል። የሚያስገርመው ግን ውኃ መብዛቱ የማይበጀው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ባልተለመደ ሙቀት በረዶ ቀልጦ አፈሩ ከራሰ በኋላ እርጥበት ወዳዱ ዩዶሪላይመስ ሲበዛ ስኮትኔማ ቀንሷል።

በደቡብ ወሎ ሐይቅና አምባሰል ዝናብ ጠባቂው ማሳ በበጋ ይደርቃል፤ በመስኖ የሚለማው ግን እርጥበቱ አይቋረጥም። የቲማቲምና የቃሪያን ሥር የሚያሳብጠው የኔማቶድ ዝርያ እንቁላሉን በዝልግልግ ከረጢት ስለሚያኖር አጭር ድርቀት ፈጽሞ አያጠፋውም። በመሆኑም ማሳን ለጥቂት ሳምንታት ያለ ውኃ መተው ብቻውን እንደ መከላከያ ሊቆጠር አይገባም። በበጋ ደጋግሞ ማረስ ትሉን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ እምብዛም ከማይጠቃ ሰብል ጋር ማፈራረቅ ምግብ ያሳጣዋል፤ ችግኝ ከመሠራጨቱ በፊትም ሥሩ ሊመረመር ይገባል።