ሁለተኛው ምዕራፍ

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ማቴዎስ 5፥41 ላይ ግለጡልኝ። አንድ ምዕራፍ እንድትሄድ ለሚያስገድድህ ሰው ሁለተኛውንም ጨምርለት የሚለው የጌታ ትምህርት እዚያ ነው ያለው።

ምዕራፍ ሲል የመጽሐፍ ምዕራፍ ማለቱ አይደለም፤ የመንገድ ርቀት ነው። በሮማውያን መለኪያ አንድ ሺህ ድርብ እርምጃ ነው፤ በዛሬው ልክ ወደ 1,480 ሜትር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ይሁዳ በሮም እጅ ነበረች። ወታደሩ መንገደኛውን አስቁሞ "ና፣ ጓዜን ተሸከም" ካለው እምቢ ማለት የለም። የቀሬናውን ስምዖን መስቀሉን እንዲሸከም ሲያስገድዱት (ማቴ. 27፥32) በግሪክኛው የተጻፈው ቃል፣ በተራራው ስብከት ላይ ያለው ያው "ማስገደድ" የሚለው ቃል ነው።

እስቲ አስቡት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚያስኬድህ ፍርሃት ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም አያዝህም። ግዴታህን ጨርሰህ ሸክሙን ሳታወርድ መንገድህን ስትቀጥል፣ ያን ጊዜ ነው ወታደሩ ዞር ብሎ ፊትህን የሚያይህ።

"ይሄ ለስብከት ያምራል እንጂ ማን ያደርገዋል?" ትሉ ይሆናል። ያደረጉት አሉ።

እ.ኤ.አ. በ250 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና መሠዋቱን የሚያሳይ ወረቀት እንዲይዝ አዋጅ አወጣ። ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር፣ በካርቴጅ ከተማ ብዙ ክርስቲያኖች መከራ ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ252 ገደማ፣ ከባድ ወረርሽኝ ከተማዋን መታት። የጳጳሱን የቆጵርያኖስን ሕይወት የጻፈው ዲያቆኑ ጶንጥዮስ እንደሚተርከው፣ ሰው በሽታውን ፈርቶ የገዛ ዘመዱን እያወጣ ጣለ፤ ሬሳ በየመንገዱ ወደቀ። ይባስ ብሎም መቅሠፍቱን ያመጡት አማልክቱን የናቁ ክርስቲያኖች ናቸው ተባለ።

ቆጵርያኖስ ግን ምእመናኑን ሰበሰበ። የራሳችንን ወገን ብቻ ብናስታምም ምን ያስደንቃል? ይህንንማ ቀራጩም አሕዛብም ያደርገዋል ብሎ አስተማራቸው። አባታችን ፀሐዩን ለክፉውም ለደጉም የሚያወጣ ከሆነ ልጆቹም እሱን መምሰል አለብን አላቸው። ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። ሀብታሙ ገንዘቡን አወጣ፣ ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። እርዳታው ለምእመናን ብቻ ሳይሆን ለሁሉ ደረሰ። ይህ እንግዲህ ትናንት ሲያሳድዳቸው ለነበረ ከተማ ነው! ቆጵርያኖስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ258 ስለ እምነቱ አንገቱን ተሰይፎ ሞተ።

ሩቅ አገር ነው፣ ሩቅ ዘመን ነው አትበሉ። ወደ ወላይታ እንምጣ። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ ገብተው ወንጌል ሰበኩ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች በጣም ጥቂት ነበሩ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ አቶ ዋንዳሮን የመሰሉ አባቶች በአደባባይ ተገረፉ። እስር ቤቱ እስረኛ አያበላም፤ ስንቅ የሚያመጣ ዘመድ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ለወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው ሲመጡ ግን አትረፍርፈው ስለነበር፣ ክርስቲያን ያልሆነው እስረኛም አብሮ በላ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ የጠበቃቸው ጥቂት ሰው ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሳበው ስብከት ብቻ አልነበረም። ሰው እንጀራውን ለማን እንደሚቆርስ ያያል።

እኛስ ወገኖቼ? አንጠጣም፣ አናጨስም፣ አሥራት እናወጣለን፣ ከእሁድ አምልኮ አንቀርም። መልካም ነው፤ ማንም ይህን ይተው አልልም። ነገር ግን ይሄ ሁሉ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ፈሪሳውያንም ከአዝሙድና ከከሙን ሳይቀር አሥራት ያወጡ ነበር (ማቴ. 23፥23)። ጌታ የወቀሳቸው አሥራት በማውጣታቸው አይደለም፤ ያንን ቆጥረው ምሕረትን በመተዋቸው ነው።

እህቴ ሆይ፣ ለቤት ሠራተኛሽ ደመወዟን በወሩ መክፈል ሕግ ነው። የማታ ትምህርት እንድትማር ጊዜ መስጠትስ? ወንድሜ፣ ቤትህን የተከራየው ሰው ሥራ አጥቶ ኪራይ ሲያሳልፍ ውሉ ከጎንህ ነው። ውሉ ልክ ነው፤ ግን የልጆቹን ፊት አይተሃል? በወሰን የከሰሰህ ጎረቤት ታሞ ሲተኛ "እኔ በደሉን ይቅር ብያለሁ" ብለህ ቤትህ ትቀመጣለህ ወይስ ሾርባውን ይዘህ በሩን ታንኳኳለህ?

ይህ ፍቅር በጥረት አይመጣም። ሮሜ 5፥5 እንደሚያስተምረን በልባችን የሚያፈሰው መንፈስ ቅዱስ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወረድ ስትሉ ደግሞ ክርስቶስ የሞተልን ገና ጠላቶቹ ሳለን እንደሆነ ታነባላችሁ። ወደ መስቀሉ እንዲሄድ እኛን የሚመለከት ምንም ዕዳ አልነበረበትም። እንግዲህ ሁለተኛውን ምዕራፍ ቀድሞ የሄደልን እሱ ነው።

ስለዚህ ይህችን ወረቀት አጥፋችሁ ሳታስቀምጡ ተንበርከኩና፣ "ጌታ ሆይ፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ የምሄድለት ማን ነው?" በሉት። ስሙን ሲያስታውሳችሁ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሂዱ። ጌታ ይባርካችሁ።