የዳካር ጅቡቲ ተልእኮና የሲሪየስ እንቆቅልሽ

እ.ኤ.አ. በ1933 መጀመሪያ ላይ አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ጉዞውን በጅቡቲ ከተማ ፈጸመ፤ በየካቲት ወርም ከዚሁ ወደብ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። «የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ» በመባል የሚታወቀው ይህ ቡድን በማርሴል ግሪዮል መሪነት በ1931 ከዳካር የተነሣ ሲሆን፣ ሲመለስ ከ3,000 በላይ የባህል ዕቃዎችን ይዞ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የመሪው ስም ማንም ባልጠበቀው ክርክር ውስጥ ገባ፤ ይኸውም ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን በጥንት ዘመን ምድርን ጎብኝተዋልን? የሚለው ነው።

የነገሩ መነሻ ቡድኑ በ1931 መገባደጃ ላይ በዛሬይቱ ማሊ፣ በባንዲያጋራ ገደሎች ከሚኖሩት ከዶጎን ሕዝብ ጋር ያደረገው ትውውቅ ነው። ግሪዮል ወደ ዶጎኖች አገር ደጋግሞ ተመለሰ፤ በ1950ም ከባልደረባው ከዠርሜን ዲየተርለን ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። በጥናቱ እንደተገለጸው፣ የዶጎን አዋቂዎች ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደማቅ የሆነችውን ሲሪየስን የምትዞር፣ በዓይን የማትታይ፣ እጅግ ትንሽና እጅግ ከባድ ኮከብ መኖሯን ያውቃሉ። ዙረቷን በ50 ዓመት ትፈጽማለች፤ ስሟም «ፖ ቶሎ» ነው። «ፖ» ማለት እንደ ጤፍ የደቀቀች የእህል ዘር ናት።

ይህ አባባል ከሥነ ፈለክ ግኝት ጋር መግጠሙ ብዙዎችን አስደነቀ። ሲሪየስ ተጓዳኝ ኮከብ እንዳላት ጀርመናዊው ቤሴል በ1844 ከእንቅስቃሴዋ ተነሥቶ ገምቶ ነበር፤ አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ ደግሞ በ1862 በቴሌስኮፕ አያት። እጅግ የታመቀች ነጭ ድንክ ኮከብ መሆኗ የታወቀው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ታዲያ ቴሌስኮፕ ያልነበረው ሕዝብ ይህን ከየት አገኘው? ሮበርት ቴምፕል በ1976 «የሲሪየስ ምሥጢር» በተባለው መጽሐፉ፣ ከሲሪየስ አካባቢ የመጡ፣ በውኃም በየብስም መኖር የሚችሉ ፍጡራን በጥንት ዘመን ያስተማሩት ዕውቀት ነው ሲል መለሰ።

ሳይንቲስቶች ጉዳዩን በንቀት አላለፉትም። ካርል ሳጋን በ1966 ከሶቪየቱ ሊቅ ከሽክሎቭስኪ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለ ጉብኝት ሊደረግ እንደሚችልና ጥንታዊ አፈ ታሪኮችም በጥንቃቄ ሊመረመሩ እንደሚገባ ጽፎ ነበር። የቴምፕልን መላ ምት ግን በ1979 መርምሮ አልተቀበለውም፤ ዶጎኖች የሲሪየስን ነገር ከአውሮፓ ከመጣ እንግዳ ሰምተውት ሊሆን ይችላል አለ። የዘገባው ይዘት ራሱ ይህን ጥርጣሬ ያጠናክራል። ለዶጎኖች በተሰጠው ዕውቀት ውስጥ ጁፒተር አራት ጨረቃዎች አሏት፤ እነዚህም ጋሊሊዮ በ1610 በትንሽ መነጽሩ ያያቸው ናቸው። ዛሬ የጁፒተር ጨረቃዎች ከ90 በላይ መሆናቸው ታውቋል። ከዋክብትን አቋርጦ የመጣ መምህር ከጋሊሊዮ መነጽር አልፎ አላየም ማለት ያስቸግራል።

በ1991 የኔዘርላንዱ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዋልተር ቫን ቤክ፣ በዶጎኖች መካከል ለዓመታት ኖሮ ያገኘውን ይፋ አደረገ። የሲሪየስ ተጓዳኝ ነገር በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ አልነበረም፤ ጥቂቶቹ ቢያነሡትም የትኛዋ ኮከብ እንደሆነች አልተስማሙም፤ የሰሙትም ከግሪዮል መሆኑን ተናገሩ። የግሪዮል ልጅ ዠነቪየቭ ካላም ግሪዮል የአባቷን ሥራ በመደገፍ ተከራክራለች፤ ክርክሩ ግን ከሰማይ ወርዶ በጠያቂና በተጠያቂ መካከል ወዳለው ግንኙነት ዞሯል።

በጠያቂና በተጠያቂ መካከል ደግሞ አስተርጓሚ አለ። ግሪዮል በ1946 ከዶጎኑ ሽማግሌ ከኦጎተሜሊ ጋር ያደረገው ታዋቂ ውይይት የተካሄደው በአስተርጓሚ ነበር። ተልእኮው በ1932 በጎንደር በቆየባቸው ወራትም ሚሼል ሌሪስ ስለ ዛር ሲያጠና አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ፤ የሰሙትንም በማስታወሻ ደብተሮች ይጽፉ ነበር። መሪ ጥያቄ መሪ መልስ ይወልዳል፤ በሁለት ቋንቋ መካከል ሲያልፍ ደግሞ የጠያቂው ሐሳብ የተጠያቂው ቃል መስሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ዶጎኖች እንዲህ አሉ» ከማለት አስቀድሞ ማን ጠየቀ፣ ማን ተረጎመ፣ ማን ጻፈ ማለት ተገቢ ነው።

ከዚህ ክርክር የበለጠ የተጎዱት ዶጎኖች ናቸው። ሲጊ የተባለው፣ በ60 ዓመት አንድ ጊዜ የሚከበረው ታላቅ በዓላቸውና ስለ ፍጥረት ያላቸው የራሳቸው ትረካ፣ ከሰማይ የተላከ መልእክት ማረጋገጫ ሆኖ ብቻ ተነበበ። የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የውጭ ሰዎች ሥራ ለማድረግ የተሞከረበትን ጊዜ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ልማድ ያውቀዋል፤ አፍሪካዊ ዕውቀት ሲገኝ ባለቤቱ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ከሌላ ዓለም የሚመጣ እንግዳ በመርሕ ደረጃ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የጎደለው ማስረጃ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሡት እንግዶች ግን መምጣታቸውን የሚጠራጠር የለም። ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ነቅለው የወሰዷቸው ሥዕሎች ዛሬም በፓሪሱ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በምትካቸው የተሰቀሉት ቅጂዎች ነበሩ። ከሲሪየስ መጡ የተባሉት ግን እስከ ዛሬ የተረጋገጠ አንዲት ቁስ እንኳ አልተገኘላቸውም።