«ካሎሪ»፦ የአንድ መለኪያ ቃል ታሪክና በአማርኛ ያስከተለው የስያሜ ችግር

«ካሎሪ» በአማርኛ የጤና ጽሑፎች ውስጥ ሥር ከሰደዱት የውሰት ቃላት አንዱ ነው። ሆኖም አንድ ተርጓሚ ክብደቱን ለመቀነስ የሚሻና አዘውትሮ ስፖርት የሚሠራ ሰው በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚበቃው የሚያሰላ መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ በተቀመጠ ጊዜ፣ ቃሉ የሚያመለክተው መጠን እንደ ምንጩ ጽሑፍ በአንድ ሺህ እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል ይገነዘባል። በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ታሪክ በአጭሩ ካወሳን በኋላ፣ እርሱን ተከትለው በሚመጡት ጥቂት ቃላት ላይ ያለንን አስተያየት እናቀርባለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቃሉ ሥር በላቲን ሙቀት ማለት የሆነው «ካሎር» ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ሙቀት ከአካል ወደ አካል የሚዘዋወር ረቂቅ ፈሳሽ ነው ከሚለው አስተሳሰብ በመነሣት «ካሎሪክ» የሚል ስም አወጡለት። ይኸው ሊቅ ከላፕላስ ጋር ሆኖ በ1780ዎቹ መጀመሪያ ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከሰውነቷ በሚወጣው ሙቀት የቀለጠውን በረዶ መጠን ለካ። ይህንንም ከከሰል መቃጠል ከሚገኘው ሙቀት ጋር ካመዛዘነ በኋላ መተንፈስ ዝግ ያለ መቃጠል ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ዛሬ «ካሎሪ ማቃጠል» የሚለውን አነጋገር ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተቀዳ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋው ከቋንቋ አንጻር መሠረት ቢኖረውም፣ ሐሳቡ ግን በመለኪያው መነሻ ላይ የነበረ ስለሆነ እኛ አንቃወመውም። የካሎሪክ ፈሳሽነት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፈጽሞ ተሽሯል፤ ስሙ ግን ልጅ ትቶ ሄደ።

«ካሎሪ» የሚለውን ቃል ለመለኪያነት ያዋለው ኒኮላ ክሌማን ነው። ክሌማን ከ1819 እስከ 1824 ድረስ በፓሪስ ስለ እንፋሎት ሞተር በሰጠው ትምህርት፣ አንድ ኪሎግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቀውን የሙቀት መጠን «ካሎሪ» አለው። በመካከሉ ፋቭርና ሲልበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ስም አንድ ግራም ውሃ ለሚያሞቀው መጠን ሰጡት። እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት መለኪያዎች ተገኙ፤ ልዩነታቸውም አንድ ሺህ እጥፍ ሆነ። በ1879 ማርሴለን ቤርተሎ ችግሩን ለማቃለል ብሎ ታላቁ በትልቅ ፊደል፣ ታናሹ በትንሽ ፊደል እንዲጻፍ አደረገ። አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ1887 በአንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ ስለ ምግብ በጻፋቸው ጽሑፎች ታላቁን ካሎሪ ለአገሩ ሕዝብ አስተዋወቀ። ለስብ 9፣ ለፕሮቲንና ለካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ካሎሪ በግራም የሚለውም የሒሳብ ልማድ የተያያዘው ከእርሱ ጥናት ጋር ነው። በ1918 ደግሞ ሐኪሟ ሉሉ ሀንት ፒተርስ ክብደት መቀነስ ለሚሹ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንባቢዎቿ ምግብን በቁራሽና በማንኪያ መቁጠር ትተው በካሎሪ እንዲጠሩ መከረች። መለኪያው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ማእድ ቤት የገባው እንዲህ ነው።

ለእኛ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። የአሜሪካ ማሸጊያ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ታላቁ ካሎሪ፣ በፊዚክስ መጽሐፍ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውም ታናሹ፣ በአማርኛ ሁለቱም «ካሎሪ» ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ የቤርተሎ ዘዴ አይጠቅመንም። መፍትሔው «ኪሎ ካሎሪ» ማለት ነው ቢባል፣ «ኪሎ» በአማርኛ ለብቻው ቆሞ ኪሎግራም ማለት ሆኗል፤ ሰው «ኪሎ ጨመርኩ» ሲል ክብደቱን ነው የሚናገረው። «ኪሎ ለመቀነስ ኪሎ ካሎሪ ይቀንሱ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአንባቢ ምን ያህል ግልጽ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። (የሚገርመው፣ የክሌማን ካሎሪ በእርግጥም የኪሎግራም ካሎሪ ነበረ።) ይህም ሆኖ ከሌላው አማራጭ ሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን «ኪሎካሎሪ» ተብሎ ሳይነጠል እንደ አንድ ቃል ይጻፍ እንላለን። ጁል በ1948 የሙቀት መለኪያ እንዲሆን በዓለም አቀፍ የመለኪያ ጉባኤ ከተወሰነ ወዲህ 1 ኪሎካሎሪ 4.184 ኪሎጁል ሆኖ ስለሚታሰብ፣ ተርጓሚው ሲጠራጠር ከጎኑ የተጻፈውን የኪሎጁል ቁጥር መመልከት ይችላል።

ከመለኪያው ይልቅ የሚያሳስበን ግን «የካሎሪ ፍላጎት» የሚለው ሐረግ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1950ና በ1957 ያወጣቸው ዘገባዎች አንድ ሰው በቀን ሊያገኘው የሚገባውን ካሎሪ የሚመለከቱ ነበሩ። በ1973 ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በወጣው ዘገባ ርእሱ ከ«ካሎሪ» ወደ «ኤነርጂ» ተለውጧል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ የተፈለገው ቃል ለሰውነት ግድ የሆነውን መጠን የሚያመለክት ነው። በአማርኛ ግን «ፍላጎት» ከ«ፈለገ» የወጣ በመሆኑ የሰውየውን መሻት ያሳያል፤ ከምግብ ጋር ሲነገርማ ፍቺው የተለየ ነው። ሕመምተኛው «የምግብ ፍላጎት የለኝም» ሲል ሐኪሙ የሚረዳው መብላት እንዳላሰኘው ነው። ክብደቱን የሚቀንስ ሰው ደግሞ ፍላጎቱና የሚያስፈልገው መጠን በየቀኑ የሚጣሉበት ሰው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት የጽሑፉን ዋና ቁም ነገር ያፈርሳል። ከዚሁ ሥር «አስፈለገ» የሚለው አስደራጊ ግስ ስለሚገኝልን «በቀን የሚያስፈልግ ኪሎካሎሪ» ብንል ረዘም ቢልም አያሳስትም። «የቀን ቀለብ» የሚለውን የሚመርጡ ወገኖች አሉ፤ ቃሉ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ቀለብ የሚያመለክተው ሰጪው ቆርጦ የሚሰፍረውን ነው፤ ሰውነት የሚጠይቀውን አይደለም። ስለዚህ ለተመደበ የምግብ ድርሻ ቢቀመጥ ይሻላል።

የስሌቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዕረፍት ነው። በ1919 ሀሪስና ቤኔዲክት የ136 ወንዶችና የ103 ሴቶች ልኬት ይዘው፣ አንድ ሰው ሳይበላ፣ ነቅቶ ግን ሳይንቀሳቀስ ጋደም ባለበት የሚያወጣውን ሙቀት ከክብደት፣ ከቁመትና ከዕድሜ የሚያገኝ ቀመር አወጡ። በ1985 የታተመው የሦስት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘገባ ደግሞ ይህን የዕረፍት ወጪ በእንቅስቃሴ መጠን ማባዛትን አጸና፤ ለሴቶች በቀላል ሥራ 1.56፣ በመካከለኛ 1.64፣ በከባድ 1.82። እንደዚሁ ዘገባ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 60 የሆነና 70 ኪሎግራም የምትመዝን ሴት የዕረፍት ወጪዋ 8.7 በ70 ተባዝቶ 829 ሲደመርበት 1438 ኪሎካሎሪ ነው። በ1.64 ሲባዛ 2358 ገደማ ይሆናል። በየቀኑ 500 ለመቀነስ ካሰበች 1858 ይቀራታል።

አሁን የትርጉሙን ጣጣ እንመልከት። በምንጩ ቋንቋ የቀኑን ሥራ ሁሉ የሚጠቀልለው ቃልና ታስቦበት የሚሠራው ስፖርት ሁለት የተለያዩ ስሞች አሏቸው። ተርጓሚው ሁለቱንም «እንቅስቃሴ» ካላቸው፣ አንባቢዋ በ1.64 ውስጥ የገባውን የ300 ኪሎካሎሪ ሩጫ ዳግመኛ ትደምረዋለች፤ 2658 አግኝታ 500 ስትቀንስ 2158 ትበላለች። ይቀንሳል ያለችው 500 በእርግጥ 200 ብቻ ነው። ከወር በኋላ ሚዛኑ ያሰበችውን ያህል ሳይወርድ ቢቀር ስንፍናዋን ትወቅሳለች እንጂ ተርጓሚውን አትጠረጥርም። ስለዚህ «እንቅስቃሴ» ለጠቅላላው ይቀመጥ፤ ውሃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ሴት ስፖርት የሚባል ባትሠራም እንቅስቃሴዋ ከፍተኛ ነውና። ለሁለተኛው ሕዝቡ የሚናገረውን «ስፖርት» እንመርጣለን። በትምህርት ቤት የተለመደው «ሰውነት ማጎልመሻ» ማፋፋትን ስለሚያስታውስ ለሚቀንስ ሰው አይስማማም።

ስለ «መክሳት»ም አንድ ነገር እንበል። «ምነው ከሳህ?» የሐዘኔታ ጥያቄ ነው፤ በሽታን ወይም ችግርን ይጠረጥራል። ስለሆነም «ክብደት መቀነስ» የሚለውን ሐረግ እንደግፋለን። እርሱም ቢሆን እንከን አለው፤ ሐረጉ ሰውየው አስቦ የሚቀንሰውንም ክብደቱ በራሱ የሚቀንሰውንም ይይዛል። ዊሽኖፍስኪ በ1958 አንድ ፓውንድ ለመቀነስ 3500 ኪሎካሎሪ እንደሚያስፈልግ ካሰላ ወዲህ፣ 500 በቀን ከተቀነሰ በሳምንት አንድ ፓውንድ ይወርዳል የሚለው ሒሳብ በመመሪያዎች ሁሉ ተዛምቷል። ነገር ግን ክብደቱ የወረደ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበትም አብሮ ስለሚወርድ ሒሳቡ ለረጅም ጊዜ አይሠራም፤ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 ይህንኑ በስሌት አሳይተዋል። የዱሮ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ቁጥሩን እንዳለ ይመልስ፤ በግርጌው ግን የታተመበትን ዓመት ይጻፍ።